ስለ ደብረ ሊባኖስ በአፍ የሚነገረውና በመዝገብ የተጻፈው

እኛ የዓለም ከተማ ልጆች በሕፃንነታችን ከሽማግሌዎች አፍ ከሰማነው ሁሉ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነገር ያህል የተደጋገመልን የለም። ገዳማቸው ከጀማ ወንዝ ማዶ በሰላሌ በኩል ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ሲመሠረት ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ የተባለው በዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው።

ጻድቁ ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ ከደብረ ዳሞ አምባ ሲወርዱም ሰይጣን ገመዱን ቢቆርጥባቸው ስድስት ክንፍ በቀለላቸው ይባላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ ፈገግ እንል ነበር። አያቶቻችንም ያዝኑብን ነበር። የእግሩና የክንፉ ነገር የሃይማኖት ነውና የታሪክ ተማሪ ሊፈርድበት አይገባም። ሊመረመር የሚችል ሌላ ወሬ ግን አለ።

በገዳሙ አቅራቢያ በገደሉ አፋፍ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ሰው ሁሉ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል፤ ኖራው በሰጎን እንቁላል ተለውሷል ብሎም ያወራል። ፖርቱጋሎች ግራኝን ለመውጋት የመጡት በ1533 ዓ.ም. ነው። ድልድዩን ያሠሩት ደግሞ ከዚያ 300 ዓመት አልፎ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ራስ ዳርጌ ናቸው። የገዛ መስፍናችንን ሥራ ለባዕድ መስጠታችን ያሳፍራል! እዚህ ላይ ፈገግታችን ልክ መስሎን ነበር።

ይሁን እንጂ የ1929 ዓ.ም.ን ነገር ስናነብ አፈርን። ግንቦት 12 ቀን የጻድቁ ፍልሰተ ዓፅም ይከበራልና መነኮሳቱም ምእመናኑም በገዳሙ ተሰብስበው ነበር። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ በተጣለው ቦምብ አሳብቦ የፋሽስት ጦር ከበባቸው፤ በማግሥቱም ግንቦት 13 ቀን በመኪና እየጫነ ወስዶ በመትረየስ ፈጃቸው። ዲያቆናቱም ከቀናት በኋላ በደብረ ብርሃን አካባቢ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮማ የላከው ቁጥር በጠቅላላው 449 ነው። የአገሩ ሰው ግን የሞተው ከዚያ እጅግ ይበልጣል ሲል ኖረ፤ መዝገብ ስላልነበረው ብዙ ሰሚ አላገኘም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የዓይን ምስክሮችን እየጠየቁ ቢያጠኑ፣ የሟቹ ብዛት ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርስ ተገመተ።

ይህን ለአንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ብንነግራቸው፣ «እኛማ ብለን ነበር፤ እናንተ ልጆች የተጻፈ ካልሆነ አትሰሙም» ብለውን ዝም አሉ።