«አጫውቺኝ»፤ የማርቲኒክ ታሪክ በኮምፒዩተር ጨዋታ

በአማርኛ «ጨዋታ» ስንል ልጆች ሜዳ ላይ የሚሯሯጡበትንም፣ ሽማግሌዎች እሳት ዳር ተቀምጠው የሚያወጉትንም ማለታችን ነው። «እስቲ አጫውተኝ» የሚል ሰው ያየኸውንና የሰማኸውን፣ የደረሰብህንም ንገረኝ ማለቱ ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ የምንለው ነገር ግን በአብዛኛው የቃሉን ግማሽ ብቻ ይዞ የቀረ ይመስለኛል። ያሯሩጣል፣ ያታኩሳል፣ ነጥብ ይቆጥራል፤ የሚያወጋን ነገር ግን እምብዛም የለውም። ሁለቱንም ትርጉም አሟልተው ካገኘኋቸው ጥቂት የቆዩ ጨዋታዎች መካከል ሁለቱ የአንዲት ሴት ሥራዎች ናቸው። ስማቸው በጨዋታ ወዳዶች ዘንድ እንኳ ብዙ አይነሳምና ዛሬ ስለ እነርሱ ላወጋ ወደድሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴትየዋ ሙሪየል ትራሚስ ትባላለች። የተወለደችው በ1958 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው የማርቲኒክ ደሴት፣ ፎር ደ ፍራንስ በተባለችው ከተማ ነው። ደሴቲቱ ዛሬም የፈረንሳይ ግዛት ናት። ትራሚስ ፓሪስ ሄዳ ምሕንድስና ተማረች። ለጥቂት ዓመታት በአየርና በጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ ውስጥ ከሠራች በኋላ ግን ያንን ትታ ኮክቴል ቪዥን ወደሚባል አነስተኛ የፈረንሳይ ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ገባች። በ1987 የመጀመሪያ ሥራዋን «ሜዊሎ»ን አወጣች። ጽሑፉን አብሯት ያዘጋጀው የአገሯ ልጅ ፓትሪክ ሻሞዋዞ ነበር። ይህ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ «ቴክሳኮ» በተሰኘው ልብ ወለዱ የፈረንሳይን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ ጎንኩርን፣ ያገኘው ደራሲ ነው።

«ሜዊሎ» የተመሠረተው በደሴቲቱ በሚነገር አንድ አፈ ታሪክ ላይ ነው። ባሮች ሊያምፁ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ጌታው ወርቁን በጋን ሞልቶ፣ አንዱን ባሪያ አስከትሎ ወደ ጫካ ይወርዳል። ባሪያው ጉድጓዱን ይቆፍራል። ቆፍሮ ሲጨርስ ጌታው ይገድለውና ከወርቁ ጋር ይቀብረዋል፤ የሟቹ መንፈስ የጌታውን ሀብት ሲጠብቅ ይኑር ተብሎ ነው። ሰውዬው በሕይወቱ ሳለ ያገለገለው አልበቃ ብሎ ሞቱም አገልግሎት ሆነ ማለት ነው። ስለ ባርነት ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ የዚህን ተረት ያህል ነገሩን በአጭሩ የነገረኝ ግን ጥቂት ነው።

ጨዋታው የሚካሄደው በ1902፣ በሴን ፒዬር ከተማ ነው። ሴን ፒዬር በዚያን ዘመን «የካሪቢያን ፓሪስ» እየተባለች የምትሞካሽ የንግድ ከተማ ነበረች። ሜይ 8 ቀን 1902 ማለዳ ላይ የፔሌ ተራራ ፈንድቶ በደቂቃዎች ውስጥ አጠፋት። ወደ ሠላሳ ሺሕ የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ ከተረፉት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ግድግዳው ወፍራም በሆነ እስር ቤት ውስጥ የነበረ እስረኛ ነው። ተጫዋቹ እዚህች ከተማ የሚደርሰው በጥፋቷ ዋዜማ ነው። ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ነዋሪዎቹን ይጠይቃል፣ የመናፍስቱን ምሥጢር ይከታተላል። እውነቱን ለመናገር አካሄዱ አዝጋሚ ነው፤ የክሪዮል ባሕል እንግዳ ለሆነበት ሰውም ቶሎ አይገባም። ሆኖም የሚያነጋግራቸው ሰዎች ሁሉ ነገ እንደማይኖሩ ተጫዋቹ ያውቃል፤ እነርሱ አያውቁም። ይህ ስሜት ከብዙ የተኩስ ጨዋታዎች ይልቅ ከእኔ ጋር ቆይቷል።

ሁለተኛው ጨዋታ በ1988 የወጣው «ፍሪደም» ነው። ተጫዋቹ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን በማርቲኒክ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ያለ ባሪያ ሆኖ ጓደኞቹን ለአመፅ ያነሳሳል፤ ካልሆነለትም ያመልጣል። የመረጠው ሰው ማንነት ጨዋታውን ያቀልለታል ወይም ያከብድበታል። እኔ ደጋግሜ ተሸንፌአለሁ፤ መሸነፌ ግን ተገቢ ይመስለኛል። በዚያን ዘመን ይሠራበት የነበረው የ1685ቱ የፈረንሳይ «ጥቁር ሕግ» ባሪያን እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይቆጥር ነበር። ለአንድ ወር የጠፋ ባሪያ ጆሮው ይቆረጥና ትከሻው በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ሲደግም የእግሩ ጅማት ይበጠሳል፤ ሲሠልስ ይገደላል። በእንዲህ ያለ ሕግ ሥር ያመፀ ሰው ያሸንፍ የነበረው ስንቴ ነው? በቀላሉ የሚረታ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር።

«የሰው ሥቃይ ለጨዋታ ይሆናል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ነገሩን የሚወስነው ጨዋታው ተጫዋቹን ከማን ወገን እንደሚያቆመው ነው የሚል ነው። ተጫዋቹን ካቦ አድርጎ ጅራፍ የሚያስይዘው ቢሆን ኖሮ እኔም እጸየፈው ነበር። ትራሚስ ግን ጅራፉ ከሚያርፍበት ወገን አቆመችው። ይህም ከታሪኩ ጋር ይስማማል። በ1848 ፓሪስ ባርነት የሚያስቀር አዋጅ ፈረመች፤ አዋጁ ባሕር ተሻግሮ ከመድረሱ በፊት ግን የማርቲኒክ ባሮች በሜይ 22 ተነሡ፤ በማግሥቱም የደሴቲቱ ገዥ ነፃነታቸውን ለማወጅ ተገደደ። ነፃነቱ ከፓሪስ በችሮታ የመጣ ብቻ ነው የሚለው ትረካ እዚህ ላይ ይወድቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ የተወጋው ወገን ልጅ ያልረሳችውን በኮምፒዩተር አጫወተችን።

ሁለቱም ጨዋታዎች የተሠሩት እንደ አምስትራድ ላሉት፣ የማስታወስ አቅማቸው በ64 ወይም በ128 ኪሎባይት ለሚለካ ኮምፒዩተሮች ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሥዕሎቻቸው ለዛሬ ዓይን ሻካራ ናቸው። ዲስኬቶቹም እያረጁ ነው፤ ዛሬ የምንጫወታቸው የድሮውን ማሽን አስመስለው በሚሠሩ ፕሮግራሞች አማካይነት ነው። ኮክቴል ቪዥንን በ1993 ሲየራ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። ትራሚስ ግን አልተረሳችም፤ በ2018 የፈረንሳይን የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ተሸለመች።

ኒሻኑ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሥራዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስለ ጨዋታ ታሪክ ሲወራ የሚጠቀሰው ስንት ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ የሚለው ነው፤ በዚህ ሚዛን «ሜዊሎ» እና «ፍሪደም» ቦታ አይኖራቸውም። መጽሐፍ ቢሆኑ ኖሮ የሚያኖራቸው ቤተ መጻሕፍት በተገኘ ነበር። ጨዋታ ስለሆኑ ግን ዕድሜያቸው ቀድተው በሚያስቀምጧቸው ጥቂት ወዳዶች እጅ ላይ ወድቋል። ፈረንሳይኛ የሚችል ከ«ሜዊሎ» ይጀምር፤ ሌላው «ፍሪደም»ን ይሞክር። መቸኮል ግን አያስፈልግም፤ ሽማግሌ ሲያወጋ እንደምንታገሠው ሁሉ እነዚህንም ታግሦ ማድመጥ ነው።