መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎች የጎጆ ጥበቃ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ቆቅ፣ ጅግራና ድርጭት በቁጥቋጦ ሥር ወይም በሣር መካከል መሬቱን ጫር ጫር አድርገው ይጥላሉ። በክንፉ መታጠፊያ ላይ ሹል እሾህ ያለው ጥቁርና ነጭ የውኃ ዳር ወፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዝንጉርጉር እንቁላሎቹን ገላጣ ሜዳ ላይ ያስቀምጣል። ቀበሮ፣ ሸለምጥማጥ፣ ቁራና እባብ በሚመላለሱበት አገር እንዲህ ያለው ጎጆ ከመደበቅ በቀር ሌላ መከላከያ ያለው አይመስልም። ወፎቹ ግን የመጣውን ለይተው ያውቃሉ፤ መቼ ማድፈጥ፣ መቼ መነሣትና ማንን ማሳሳት እንዳለባቸውም ይመርጣሉ።

መደበቁ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በደቡብ ዛምቢያ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ አደጋው አጠገባቸው እስኪደርስ ከእንቁላላቸው የማይነሡ ወፎች ጎጆ የሚተርፈው የወላጁ ላባ ከአካባቢው ጋር ሲመሳሰል ነው፤ ቀድመው ለሚሸሹት ግን ወሳኙ የእንቁላሉ መልክ ነው። ቆቅ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ናት። እግር ሊረግጣት እስኪቃረብ ታደፍጥና በድንገት ፍርር ብላ ትነሣለች። ስለዚህ የእርሻ ድንበሩ ሣር ሙልጭ ተደርጎ ሲታጨድ ዋናው መከላከያዋ አብሮ ይታጨዳል። ባለ እሾሁ ወፍ በአንጻሩ አዳኙን ከሩቅ አይቶ ቀስ ብሎ ከጎጆው ይርቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው እየጮኸ የሚያንዣብበው።

ክንፉ የተሰበረ መስሎ መሬት ለመሬት የሚንፏቀቅ ወፍ የደነገጠ እንጂ ዘዴኛ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ድንጋጤ ቢሆን ኖሮ ለመጣው ሁሉ አንድ በሆነ ነበር። የባለ እሾሁ ወፍ ዘመድ የሆነ አንድ የሰሜን አሜሪካ ወፍ ግን ሥጋ በል አውሬ ሲመጣ ስብራት እያስመሰለ ከጎጆው ያርቀዋል፤ የሚግጥ ከብት ሲመጣ ደግሞ አያስመስልም፣ ክንፉን ዘርግቶ ከፊቱ ይጋረጣል። ከብት ስብራት አይቶ አይከተልም፤ አደጋው መርገጡ ነውና መንገድ ማስቀየር ይበቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ሌሊት እያሸተተ የሚያድን አውሬ ቀለምም ትወናም አይመልሰውም። እዚህም ግን መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሥራ እንደሚያሳየው፣ መሬት ላይ የሚታቀፉ አንዳንድ የውኃ ዳር ወፎች በመታቀፊያ ወቅት የላባቸውን ቅባት ቶሎ ወደማይተን ዓይነት ይለውጣሉ፤ የሠለጠነ ውሻም ይህንኛውን አሽትቶ ለማግኘት ተቸግሯል። አደጋ የሚበዛበትን ጊዜ የሚያሳጥር ነገርም አለ፤ የጅግራ እናት አራት ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿ ግን ላባቸው እንደ ደረቀ ተከትለዋት ከጎጆው ይወጣሉ።