የነፍስ ወከፍ ገቢና የሶማሌዎች ኑሮ

የአንድን አገር ሕዝብ ኑሮ ለማወቅ በዘመናችን የተለመደው መንገድ የነፍስ ወከፍ ገቢውን መመልከት ነው። አገሪቱ በዓመት ውስጥ ያገኘችው ሁሉ ይደመርና ለሕዝቡ ቁጥር ይካፈላል። የተገኘው ድርሻ በሰንጠረዥ ላይ ሲሰፍር አንዱ አገር ከላይ፣ ሌላው ከታች ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ በሶማሊያ ባካሄዱት ጥናት የአንድ ሰው የዓመት ገቢ በአማካይ 226 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ለቀን ሲካፈል 62 ሳንቲም ገደማ ነው። ታዲያ በዚያው ዘመን በመቋዲሾና በሐርጌሳ የስልክ ኩባንያዎች ደንበኛ ለማግኘት ይሽቀዳደሙ ነበር፤ በገበያው ሩዝ፣ ስኳርና ጨርቅ ይራገፍ ነበር፤ የግል ትምህርት ቤቶችም ይከፈቱ ነበር። ውድ አንባቢ፣ በቀን 62 ሳንቲም የሚኖር ሕዝብ ይህን ሁሉ በምን ገዛ? ቁጥሩ ነው የተሳሳተው ወይስ ዓይናችን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ኋላ ሄደን ታሪክን መመልከት ይጠቅመናል።

ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 ዘይላንና መቋዲሾን ጎብኝቷል። በዘይላ ከዓሣውና ከሚታረደው ግመል ሽታ የተነሳ ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማደርን መርጧል። መቋዲሾን ግን እጅግ ሰፊ ከተማ፣ ነጋዴዎቿ ብርቱ፣ ግመሏ ብዙ፣ ጨርቋም እስከ ግብፅ የሚላክ አድርጎ ገልጿታል። መርከብ ሲመጣ የከተማዋ ወጣቶች በትናንሽ ጀልባዎች ወጥተው፣ የተከደነ ምግብ ለነጋዴዎቹ እያቀረቡ «ይህ የኔ እንግዳ ነው» ይሉ እንደነበር፣ ለእርሱም በቅቤ የተሠራ ሩዝ ከሥጋ፣ ከዶሮና ከዓሣ ወጥ ጋር፣ በወተት የተቀቀለ ሙዝም እንደቀረበለት ይተርካል። ኢብን በጡጣ ስለ ነፍስ ወከፍ ገቢ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የሰዎቹን ኑሮ የመዘነው ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚሸጡ፣ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበሉ በማየት ነው። ያየው የወደብ ከተማን እንጂ የገጠሩን አርብቶ አደር አለመሆኑን ግን ልብ ልንል ይገባል። ይህ ጉድለት ከዚያ በኋላ የመጡትን ቆጣሪዎችም ሁሉ ተከትሏቸዋል።

የገቢ ስታቲስቲክስ የሚሠራው በጽሕፈት ቤት ነው። ጸሐፊው በቀላሉ የሚያገኘው በጉምሩክ ያለፈውን፣ በባንክ የተመዘገበውን፣ ግብር የተከፈለበትንና በደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ነው። የቀረውን በግምት ይሞላዋል። የሶማሌ ኑሮ አብዛኛው ክፍል ደግሞ በእነዚህ በሮች አያልፍም። ግመሏ ታልባ ቤተሰቡ የጠጣው ወተት ገበያ አልወጣም። ዘመድ ለተቸገረ ዘመዱ ወተቷን እየጠጣ እንዲቆይ የሚያውሳት የምትታለብ ግመል በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም። ለደም ካሣ ጎሣው የሚያዋጣው፣ ለሙሽራ የሚሰጠው፣ ለሙት ቤተሰብ የሚከፋፈለው ሁሉ እንደዚሁ ነው። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብም በባንክ ሳይሆን በመተማመን ላይ በቆመው ሀዋላ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም የሥራ ድርጅት ይሠራ የነበረው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቫሊ ጀማል ስለ ሶማሊያ ባወጣው ረጅም ጽሑፍ ይህንኑ ነገር አንሥቷል። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ለቤተሰብ ቀለብ ፈጽሞ የማይበቃ ነበር። በመንግሥት አሐዝ መሠረት የከተማው ሕዝብ መራብ ነበረበት፤ ነገር ግን አልተራበም። ምክንያቱም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዳጅ ከፈለቀ በኋላ ብዙ ሶማሌዎች ወደዚያ ሄደው ይሠሩ ነበር። የላባቸውን ዋጋ ነጋዴዎች እዚያው እየተቀበሉ በፍራንኮ ቫሉታ ሸቀጥ ያስገቡበት ነበር፤ ለቤተሰቦቻቸውም በአገሩ ሽልንግ ይከፍሉ ነበር። ገንዘቡ ማዕከላዊውን ባንክ ሳይረግጥ ወደ ማጀት ይገባ ነበር ማለት ነው። የአርብቶ አደሩም ወተት፣ ሥጋና የእንስሳት ንግድ በመንግሥት ግምት ውስጥ ከነበረው እጅግ የበለጠ ነበር። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ቁጥሩ የሶማሌን ኑሮ ከእውነቱ አሳንሶ ያሳይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥር 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ወደቀ። የሚቆጥረው ጽሕፈት ቤትም አብሮ ጠፋ። ሽልንጉ ግን ያለ ማዕከላዊ ባንክ መገበያያ ሆኖ ቀጠለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባደረገው ግምት በሕዝቡ እጅ ከሚዘዋወረው የሽልንግ ኖት 98 ከመቶ የሚሆነው ሕጋዊ ያልሆነ ኅትመት ነበር። ሀዋላው ደግሞ ይበልጥ ሰፋ። ከስደተኛው የሚላከው ገንዘብ በኋለኞቹ ዓመታት በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 የአሜሪካ መንግሥት ከሀዋላ ቤቶች ሁሉ ትልቁ የነበረውን አል በረካትን በሽብር ገንዘብ ጠርጥሮ ሲዘጋው፣ የመስከረም 11 ኮሚሽን መርማሪዎች በኋላ ክሱን የሚያጸና ማስረጃ እንዳልተገኘ ጽፈዋል። የተዘጋው በሰንጠረዥ ላይ የማይታይ ቤት ነበር፤ ሆኖም የብዙ ሺህ ቤተሰቦች ቀለብ የሚመጣበት በር እርሱ ነበር።

ከዚህ የተነሳ አንዳንድ የምዕራብ ጸሐፊዎች «ሶማሊያ ያለ መንግሥት ከቀድሞው ተሻለች» እስከማለት ደረሱ። ከእኛም መካከል «ይህ የድህነት ወሬ የፈረንጅ ቁጥር ነው፤ ሶማሌ ግመሉ እያለ አይደኸይም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኔም አንድ ወቅት ወደዚህ ሐሳብ አዘንብዬ ነበር። ነገር ግን ይህ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በአገራችን በኢትዮጵያ ውስጥ በግልጽ ታይቷል።

በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999/2000) የተካሄደው የቤተሰብ የገቢና ወጪ ጥናት በመላ አገሪቱ ከድህነት መስመር በታች ያለው ሕዝብ 44.2 ከመቶ መሆኑን አሳየ። በሶማሌ ክልል ደግሞ 37.9 ከመቶ ነበር። ይህን ያየ ሰው «ሶማሌው ከሌላው ኢትዮጵያዊ ይሻላል» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ሆኖም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክልል በጎዴ ረሀብ ገብቶ ነበር። ዝናብ ደጋግሞ በመቅረቱ እንስሳቱ አልቀው ሕዝቡ እርዳታ ፍለጋ ወደ ጎዴ ከተማ ተሰበሰበ፤ በመጨናነቁም መካከል ኩፍኝ ገብቶ ብዙ ሕፃናትን ፈጀ። በኋላ የተደረገው የጤና ጥናት እንዳሳየው አብዛኛው ሰው የሞተው ዋናው እርዳታ ከመድረሱ በፊት ነው።

ታዲያ እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት እንዴት አብረው ሊገኙ ቻሉ? መልሱ ቀላል ነው። ጥናቱ በክልሉ ስድስት ዞኖች ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረውን አርብቶ አደር አላካተተም ነበር። የተጠየቁት ከተሜዎችና ባሉበት የረጉ ገበሬዎች ነበሩ። መጠየቅ ይገባው የነበረው ሰው ከእንስሳቱ ጋር ውኃ ፍለጋ ሄዷል። በጥናቱ ሰነድ ላይ ይህ አለመካተት በግልጽ ተጽፏል፤ ስለዚህ አዘጋጆቹ ዋሽተዋል አንልም። ነገር ግን ማስታወሻውን የሚያነበው ጥቂት ሲሆን፣ ሰንጠረዡን የሚያነበው ብዙ ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። የድርቅ ዓመት ሲመጣ አርብቶ አደሩ እንስሳቱን ሳይሞቱበት ለመሸጥ ይሯሯጣል። በዚያ ወር በእጁ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ከወትሮው ሊበልጥ ይችላል። ጸሐፊ መጥቶ «በዚህ ወር ስንት አገኘህ?» ብሎ ቢጠይቀው ከፍ ያለ ቁጥር ይመዘግባል። እውነቱ ግን ሰውየው እየደኸየ ነው። የሸጠው የልጆቹን ወተት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የፍየል ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እህል ስለሚገዛ የእህል ዋጋ ይወጣል። ባለፈው ዓመት በአንድ ፍየል የገዛውን እህል ዘንድሮ በብዙ ፍየል አያገኘውም።

የሀዋላውም ገንዘብ ለሁሉ አይደርስም። ውጭ አገር ልጅ ያለው ቤተሰብ አለ፤ የሌለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ ሶማሊያ በታወጀው ረሀብ እጅግ የተጎዱት እንደ ባይ፣ ባኮልና ታችኛው ሸበሌ ባሉ አካባቢዎች የሚኖሩ፣ እያረሱ ጥቂት ከብት የሚያረቡና ባሕር ማዶ ዘመድ እምብዛም የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። በኋላ በተደረገው ግምት በዚያ ረሀብ 258,000 ያህል ሰው ሞቷል፤ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከሚኒሶታና ከለንደን የሚላከው ዶላር በአገር ደረጃ ተደምሮ ለሕዝቡ ሁሉ ቢካፈል፣ አንድ ሳንቲም ያልደረሳት የባይ እናት በወረቀት ላይ ድርሻ ይኖራታል። በማጀቷ ግን የለም።

ድንበርም ሌላ ጉዳይ ነው። በበርበራ ወደብ ተጭኖ ለሐጅ ወቅት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ከሚሻገረው በግና ፍየል ብዙው በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ሣር ያደገ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ከሶማሊያ ወደቦች ከ5 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ወደ ባሕረ ሰላጤው ገበያ መላካቸውን ዘግቧል። ፍየሏን ያረባው ሰው በአንድ አገር ይቆጠራል፤ ፍየሏ በሌላ አገር መዝገብ ትገባለች። በዋጋዋ የተገዛው ሩዝ ደግሞ በድንበር ተመልሶ ሲገባ ኮንትሮባንድ ይባላል እንጂ የቤተሰብ ገቢ አይባልም።

በዚህ ረገድ ጥንታዊው የዘካ ሥርዓት የሚያስተምረን ነገር አለ። የእንስሳት ዘካ የሚታሰበው በተሸጠው ሳይሆን አንድ ዓመት በእጅ በቆየው መንጋ ነው፤ ከአምስት ግመል፣ ከሠላሳ ከብት፣ ከአርባ በግ በታች ያለው ሰው አይጠየቅም። ሰብሳቢዎቹም ባለ ከብቶቹን ከሩቅ ወደ ራሳቸው እንዳያስጠሩ፣ ይልቁንም እንስሳቱ ውኃ ከሚጠጡበት ቦታ ሄደው እንዲቆጥሩ ታዘው ነበር። በዚህ ሥርዓት ቆጣሪው ወደሚቆጠረው ይሄድ ነበር። ድሃውና ባለ ሀብቱም በአማካይ አልተደባለቁም፤ አምስት ግመል ያለውና የሌለው ለየብቻ ታወቁ፤ ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው እንዲሰጥ።

በቅርብ ዓመታት ነገሩ መሻሻሉን ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍትሕ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው የሕዝብ ብዛት ግምት 12.3 ሚሊዮን ሰው ሲገኝ፣ አርብቶ አደሩ 26 ከመቶ ሆኖ ለብቻው ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 በየቤቱ እየተዞረ በተደረገው የወጪ ጥናት ደግሞ ከሶማሊያ ሕዝብ 54 ከመቶው በድህነት እንደሚኖር ታውቋል። ይህ ጥናት አርብቶ አደሩንም ጠይቋል፤ የጠየቀውም ደመወዝን ሳይሆን ቤተሰቡ ምን በልቶ ምን አውጥቶ እንደዋለ ነው። ይህ ወደ ኢብን በጡጣ ዓይን የቀረበ አጠያየቅ ነው። ጥቅሙም ቀላል አይደለም፤ የእርዳታው እህልና የትምህርት ቤቱ በጀት ወዴት እንደሚሄድ የሚወሰነው እነዚህን ቁጥሮች በማየት ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪ ስመዘግብ አንዲት ሶማሌ እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። በቅጹ ላይ «የወላጅ ወርኃዊ ገቢ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ወር የሚባል የለኝም» አሉኝ። ጠዋት ጠዋት የፍየል ወተት ይሸጣሉ፤ ወንድማቸው ከጅዳ ሲሆንለት ይልካል፤ የባለቤታቸው ግመሎች ከዘመድ ጋር ገጠር ናቸው፤ የእኅታቸውን ሁለት ልጆችም ያሳድጋሉ። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር እንዴት እንደምጽፈው ባላውቅ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። ፍየሎቹ አለቁ፤ ወንድምየውም ከሥራ ወጣ። እኒያ እናት ሁለተኛውን ልጅ ሊያስመዘግቡ ሲመጡ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ አሁንም «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በእኒያ ሴት ቤት ምንም አልተለወጠም ይላል።

የሶማሌዎችን ኑሮ ከነፍስ ወከፍ ገቢ ለማንበብ የሚሞክር ሰው የሚገጥመውም ይኸው ነው። ቁጥሩ በደኅናው ዓመት ያላቸውን ስላላየ፣ በክፉው ዓመት ያጡትን ሊያይ አልቻለም። ስለዚህ «ቁጥሩ ውሸት ነው፤ ሶማሌ ደኅና ይኖራል» የሚለው ወንድማችንም፣ «ቁጥሩ ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚዘጋው ባለሥልጣንም እኩል ሊጠነቀቁ ይገባል። መቁጠር አማና ነው፤ አማናውም የሚጠበቀው ከብቱ ወደሚጠጣበት ውኃ ድረስ በመሄድ ነው። ወላሁ አዕለም።