የባላገሩ ዘፈን ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ

በአሜሪካ ደቡብ የሚኖረው ባላገር ከጥንት ጀምሮ የራሱ የሆነ ዘፈን ነበረው። ዘፈኑ በቫዮሊንና በብረት ጊታር የሚታጀብ፣ ከአፍንጫ በሚወጣ ከፍ ያለ ድምፅ የሚዜም፣ የእርሻን፣ የባቡርን፣ የመጠጥንና የፈረሰ ትዳርን ነገር የሚተርክ ነበር። ከተሜው ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ያው ከተሜ የባላገሩን ሸክላ እየገዛ በእንግዳ መቀበያ ክፍሉ ያሰማ ጀመር። ለዚህ ለውጥ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች አንዱ ጂም ሪቭስ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንለምናለን።

ጂም ሪቭስ ኦገስት 20 ቀን 1923 ዓ.ም. በምሥራቅ ቴክሳስ በፓኖላ አውራጃ ተወለደ። አንድ ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። የልጅነት ምኞቱ ዘፋኝ ለመሆን ብቻ አልነበረም፤ ቤዝቦል በሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ከታናናሾቹ ቡድኖች ገብቶ ነበር። ነገር ግን ወደ እግሩ የሚወርደው ነርቭ በጨዋታ ላይ ስለተጎዳ ያ ተስፋ ተቋረጠ። ከዚያም በኋላ በራዲዮ ጣቢያ ተናጋሪ ሆነ።

ይህን የራዲዮ ሥራ የሕይወቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በጥቂት ቃል ያልፉታል። እኛ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው እንላለን። የባላገሩ ዘፋኝ ድምፁን የተማረው በጭፈራ ቤትና በገበያ፣ ከሕዝብ ጫጫታ ጋር እየታገለ ነው። የራዲዮ ተናጋሪ ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ በየቤቱ ምድጃ አጠገብ ላለ ለአንድ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ይናገራል። እርሱ ቢጮህ ሰሚው ራዲዮኑን ይዘጋል።

ይሁን እንጂ ጂም ሪቭስ ትምህርቱን ወዲያው በሥራ ላይ አላዋለውም። በ1953 ዓ.ም. ስሙን ያስጠራው «ሜክሲካን ጆ» የተባለው ዘፈን ፈጣንና አስቂኝ፣ በከፍተኛ ድምፅ የሚዜም ነው። ይህንን ዘፈን ሰምቶ ቀጥሎ የኋለኞቹን የሚሰማ ሰው ዘፋኞቹ ሁለት ይመስሉታል። በ1955 ዓ.ም. አርሲኤ ከሚባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ በዚያው ዓመትም ናሽቪል ከተማ ከሚገኘው ዝነኛው «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የራዲዮ ዝግጅት አባል ሆነ። በ1957 ዓ.ም. «ፎር ዎልስ» የተባለውን ዘፈን ለመቅዳት ፈለገ። የቀረጻው ኃላፊ ቼት አትኪንስ ዘፈኑ ለሴት እንጂ ለወንድ አይስማማም የሚል አስተያየት ነበረው። ጂም ግን አጥብቆ ጠየቀ። አፉን ወደ ማይክሮፎኑ በጣም አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ቫዮሊንና ያለ ብረት ጊታር ዘፈነው። ሸክላው በባላገሩም በከተሜውም ዘንድ ተወደደ።

ዘመኑም ለዚህ ያመቸ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ኤልቪስ ፕሪስሊ ከተነሣ ጀምሮ ወጣቱ ሁሉ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል ስለ ጎረፈ፣ የባላገሩ ዘፈን ገበያ ቀዝቅዞ ነበር። የናሽቪል ሰዎችም ቫዮሊኑንና ብረት ጊታሩን አስወጥተው በምትካቸው ለስለስ ያለ ፒያኖና ተቀባይ መዘምራንን፣ ቆየት ብሎም ብዙ ባለ አውታር መሣሪያዎችን አስገቡ። ይህም «የናሽቪል ድምፅ» ተባለ። ቼት አትኪንስ የናሽቪል ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ በኪሱ ያለውን ሳንቲም አንሿሿ ይባላል። ቀልዱ እውነት አለበት፤ ምክንያቱም ለውጡ ባንድ ወገን የንግድ ጉዳይ ነበር፤ የዕድሜ ልክ ሙያቸው ቫዮሊን የነበረ ሰዎችም ከቀረጻው ክፍል ውጭ ቀርተዋል። ይህን ጉዳት አቅልለን አናይም። ነገር ግን ጂም ሪቭስን ከነጋዴዎቹ ጋር አንድ አድርጎ መውቀስ ተገቢ አይመስለንም። እርሱ የከተሜን ድምፅ አልተዋሰም፤ ከራዲዮ ክፍል ያመጣውን የገዛ ድምፁን ነው የተጠቀመበት።

ለዚህ ማስረጃችን በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው «ሂል ሃቭ ቱ ጎ» ነው። ዘፈኑ አንድ ሰው ከሚወዳት ሴት ጋር በስልክ ሲነጋገር፣ ሌላ ወንድ ከአጠገብዋ መኖሩን እያወቀ የሚለምናትን ልመና ይገልጻል። ከእርሱ በፊት ሌላ ዘፋኝ ቀድቶት ሳይሰማ ቀርቶ ነበር፤ ኩባንያውም ተስፋ የጣለው በሸክላው በሌላው ገጽ ላይ ነበር። የራዲዮ ሰዎች ግን ሸክላውን ገልብጠው አጫወቱት። በባላገር ዘፈኖች ሠንጠረዥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ በጠቅላላው የአሜሪካ ሠንጠረዥም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ። በስልክ የሚለምን ሰው አይጮኽምና፣ ዝቅ ያለው ድምፅ እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ።

ከዚያ በኋላ ዝናው ባሕር ተሻገረ። በ1962 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ጎበኘ፤ በ1963 ዓ.ም. የወጣውንም «ኪምበርሊ ጂም» የተባለ ፊልም እዚያው ሠራ፤ በአፍሪካንስ ቋንቋም ዘፈነ። አገሪቱ ያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ በሕግ የሚለያዩባት ነበረች። ሸክላው ግን በር ላይ ቆሞ የሚመልሰው ዘበኛ ስላልነበረ፣ በናይጄሪያና በኬንያ ቤቶች ጭምር ገብቶ ተወደደ።

ጁላይ 31 ቀን 1964 ዓ.ም. ጂም ሪቭስ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ራሱ እየነዳ ከአርካንሳስ ወደ ናሽቪል ሲመለስ፣ ከከተማዋ አቅራቢያ ኃይለኛ ዝናብና ነጎድጓድ አገኘው። አብሮት የነበረው ፒያኖ መቺው ዲን ማኑዌል ነው። ስብርባሪው ከሁለት ቀን ፍለጋ በኋላ በጫካ ውስጥ ተገኘ። ጂም 41 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ድምፁ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ሚስቱ ሜሪ ቀርተው የነበሩትን ቅጂዎች ጠብቃ ስለያዘች አዳዲስ ሸክላዎች ለብዙ ዓመታት ይወጡ ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. «ዲስታንት ድረምስ» በእንግሊዝ አገር አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በአንዳንዶቹ ቅጂዎች ላይ እርሱ ያልሰማው ሙዚቃ ተጨምሮባቸዋል፤ ቢሰማ ይወደው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅለት ግን አልነበረም። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የናሽቪል ባለሙያዎች የእርሱንና በማርች 1963 ዓ.ም. እንዲሁ በአይሮፕላን አደጋ የሞተችውን የፓትሲ ክላይንን ድምፅ ከየቅጂው ለይተው አውጥተው፣ በሕይወታቸው ሳሉ አብረው ያልቀዱትን ዘፈን እየተቀባበሉ እንዲዘፍኑ አደረጉዋቸው። ያም ሸክላ በሰፊው ተሸጠ።