ድንጋዩ የተወለደው ማይንስ ነው

ዛሬ የምጽፈው ባንሆፍ ተራ እየጠበቅሁ ነው። የድሮው መሐንዲስነቴ ተነሥቶብኛልና ታገሡኝ።

ባለፈው እሑድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ቀና ስል ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ተከፍቷል፤ ድንጋዮቹ የሉም። ለልጁ መጫወቻ ሄደዋል። እዚህ ሄሰን ውስጥ ማንቂያው ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ በነባር ቤቶችም መኝታ ክፍል ግዴታ ነው። ባዶው ግን ጌጥ ነው።

እኛ አገር «ባትሪ» የምንለው የእጅ መብራቱን ነው፤ ውስጡ የሚገባው «ድንጋይ» ነው። በደርግ ጊዜ የአባቴ ራዲዮ ድምፁ ሲሰልል፣ የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ዜና እንዳያመልጠው ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ያሰጣቸው ነበር። ትንሽ ነፍስ ይዘሩ ነበር። ሙቀት የውስጡን ኬሚካል ያነቃቃዋል እንጂ አዲስ ጉልበት አይጨምርለትም።

ያ ድንጋይ የተወለደው እዚሁ አጠገባችን፣ ማይንስ ነው። በ1866 ፈረንሳዊው ለክላንሼ የሠራው ባትሪ ፈሳሽ ስለነበረው ሲያዘነብሉት ይደፋ ነበር። የማይንሱ ሐኪም ካርል ጋስነር ፈሳሹን ከጀሶ ጋር አቦካው፤ ዚንኩንም ራሱን ዕቃ አደረገው። በ1886 ፓተንት አገኘ። ራዲዮን በረሃ ድረስ ያደረሰው ይህ ነው።

ችግሩም እዚያው ነው፦ ዚንኩ ዕቃም ማገዶም ነው። እየሠራ ይሳሳል፤ በመጨረሻ ተበስቶ ያፈሳል። በ1950ዎቹ ሉዊስ ኡሪ ባሻሻለው አልካላይን ዚንኩ ዱቄት ሆኖ መሀል ገባ፤ ዕቃው ብረት ሆነ። ጉልበቱ ይበልጣል፤ ተረስቶ ከከረመ ግን እሱም ያፈሳል።

ስለዚህ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ርካሹ ዚንክ ካርቦን ይበቃል፤ ሳያፈስ በጊዜው ቀይሩት። ብዙ ለሚበላ መጫወቻ ቻርጅ የሚደረገውን ግዙ። ለጭስ ማንቂያ ግን መሣሪያው ላይ የተጻፈውን፣ አልካላይን ወይም ሊቲየም፣ አዲስ ግዙ። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። ያለቀውን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፤ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ የመቀበል ግዴታ አለበት።

የወዳጄን ማንቂያ አዲስ ድንጋይ አስገብቼ ቁልፉን ስጫነው ልጁ ጆሮውን ይዞ ሮጠ። ይሩጥ፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። እናንተም ዛሬ ማታ ቀና ብላችሁ እዩ።

በሉ፣ ተራዬ ደረሰ። ደህና እደሩ።