ከሾርሃም እስከ ስዊንደን፦ አልሚው የሚሠራው መንገድ ሙግት

በእንግሊዝ፣ መሬት የሚያለማ ሰው መንገዱን ሠርቶ ለሕዝብ ያስረክብ ወይስ ወጪው የአካባቢው ምክር ቤት ይሁን የሚለው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. የ1835ቱ የአውራ ጎዳና ሕግ፣ ግለሰብ በራሱ ወጪ ያወጣው መንገድ በደንብ መሠራቱ ካልተረጋገጠና ባለቤቱ ለ1 ዓመት ካልጠገነው በቀር፣ የአጥቢያው ነዋሪ የጥገናውን ሸክም አይቀበልም አለ። በ1951 የወጣው የአዳዲስ ጎዳናዎች ሕግ ደግሞ ግንባታው ሳይጀመር የመንገዱ ወጪ እንዲከፈል ወይም ዋስትና እንዲያዝለት አደረገ። ስለዚህ አልሚው መክፈል አለበት የሚለው ሐሳብ ነውር ሆኖ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የመጡትን ፍርዶች አያይዞ ላነበበ፣ ዳኞቹን ያስጨነቃቸው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ግዴታው በትእዛዝ ይጫን ወይስ በስምምነት ይታሰር?

በደቡብ ጠረፍ በምትገኘው ሾርሃም፣ በአሸዋና ጠጠር ንግድ የተሠማራው ሆል የተባለ ኩባንያ የልማት ፈቃድ ጠየቀ። ምክር ቤቱ ፈቀደ፤ ሆኖም ኩባንያው በይዞታው ግንባር ሙሉ ርዝመት ተጨማሪ መንገድ በራሱ ወጪ እንዲሠራና ወደ አጎራባች ይዞታዎች የሚሄዱም እንዲያልፉበት ቅድመ ሁኔታ አስገባ። በ1964 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅድመ ሁኔታውን ሻረው። የምክር ቤቱን ዓላማ ዳኞቹ አልነቀፉም። ሕጉ ካሳ ከፍሎ መንገድ የማውጣት ሥልጣን ሰጥቶት ሳለ፣ ያንኑ ያለ ካሳ በፈቃድ ስም ማግኘቱን ግን ምክንያታዊ አይደለም አሉት። ቅድመ ሁኔታው የፈቃዱ መሠረት ስለነበር ፈቃዱም አብሮ ወደቀ፤ ኩባንያው ረትቶ ባዶ እጁን ቀረ። በ1986 በብራድፎርድ ጉዳይ ደግሞ አልሚው ራሱ ቢስማማም እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሕጋዊ እንደማይሆን ተወሰነ።

በትእዛዝ የተከለከለው በስምምነት ተፈቀደ። የ1990 የፕላን ሕግ አንቀጽ 106 አልሚው በፊርማው ግዴታ እንዲገባ መንገድ ከፈተ። በኦክስፎርድሺር በምትገኘው ዊትኒ፣ ቴስኮ ለገበያ አዳራሹ ፈቃድ ሲሻ ለአንድ ማገናኛ መንገድ 6.6 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ሚኒስትሩ ግን ለተፎካካሪው ፈቀደ። ጉዳዩ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰና በ1995 ተወሰነ፦ የቀረበው ገንዘብ ከልማቱ ጋር ግንኙነት ካለው ከግምት ይገባል፤ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚወስነው ግን ፈቃድ ሰጪው ነው። ቴስኮ ተረታ።

ይህ ልዩነት የወረቀት ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ፈቃዱ በሌላው እጅ እያለ የሚፈርም ሰው በምን ነጻ ነው? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ጫናው እውነት ነውና። ነገር ግን የተፈረመ ግዴታ ዋጋውና ወሰኑ ተጽፎ ይታያል። ከ2010 ጀምሮም ለልማቱ አስፈላጊ፣ ከልማቱ ጋር በቀጥታ የተያያዘና በመጠኑም ተመጣጣኝ ካልሆነ ለፈቃዱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጫነ ትእዛዝ እንዲህ ያለ ድርድር አያልፍም። ሌሎች ደግሞ፣ የመሬቱን ዋጋ ያናረው የሕዝብ መንገድ ከሆነ ባለመሬቱን በቀጥታ ማዘዝ ምን ክፋት አለው ይላሉ። ትርፉን ማካፈል ፍትሕ ነው፤ ይሁንና የማካፈያውን ልክ ሕግ አውጪው ይወስን እንጂ እያንዳንዱ ምክር ቤት በየፈቃዱ ሥር አይፈልስፈው።

በስዊንደን የሆነው ይህንኑ ያጠነክራል። በዚያ በአንድ የልማት ፈቃድ ውስጥ የገባ ቅድመ ሁኔታ፣ የመግቢያ መንገዶቹ ለእያንዳንዱ ሕንጻ የተሟላ አገልግሎት እንዲሰጡ ሆነው ይሠሩ ይላል። ዲቢ ሲሜትሪ የተባለው አልሚ መንገዶቹን ሠርቶ የግል አድርጎ መያዝ እንደሚችል ማረጋገጫ ጠየቀ፤ ምክር ቤቱ ለሕዝብ መዋል አለባቸው ብሎ ተሟገተ። ታኅሣሥ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሾርሃምን ፍርድ አጸናና ለአልሚው ፈረደ፦ ቅድመ ሁኔታው የሚናገረው ስለ አሠራሩ እንጂ ለሕዝብ ስለ ማስረከብ አይደለም። ምክር ቤቱ የፈለገውን በአንቀጽ 106 ስምምነት ማሰር ይችል ነበር።