ገድል የሯጭም ቃል ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከዋሻው ሲወጣ ብርዱን ለደጋው ትቶ በጥምዝምዙ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው፣ የማሾውና የሽንኩርቱ ጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሮ ሲያይ፣ ይፋት ቆላ ገባ ማለት ነው።

ይህን መንገድ ስናስብ ሁለት ነገር ትዝ ይለናል። አንደኛው መከራው ነው። በሁለቱም የወሎ ረሃቦች፣ በ1965ቱም በ1977ቱም፣ ወሎን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው ይኸው መንገድ ነበር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ፤ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ በዚያው ወር ተለቀቀች። እፎይ ሳይባል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው ትዝታችን አንድ ሰው ነው፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ። የተወለደው ከዚሁ መንገድ ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። እግሮቹን ያጣውም በዚሁ መንገድ፣ በሸኖ አቅራቢያ ነው።

“ሰው ቤቱ ተቃጥሎ፣ ልጁ ተሰዶ እናንተ ስለ ስፖርት ታወራላችሁ?” የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ስፖርት ዳቦ ይሆናል፣ ቤት ይሠራል አንልም። የምንለው ሌላ ነው። ተስፋ የሚባለውን ቃል በየስብከቱና በየመግለጫው ብዛት አቅልለነዋል። ክርስቲያናዊ ተስፋ ምን እንደሆነ በሥጋና በደም ማየት የፈለገ ሰው የአበበን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይከተል፤ ሮም ላይ አያቁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከገና ጨዋታ ነው

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በሚገባበት ዕለት ነው። የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች በዚያኑ ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን መሮጡን ያስታውሳሉ። የጃቶ ሰው ግን ማራቶን የሚባል ነገር ስለመኖሩ ምን ያውቃል? ልጁ የሚያውቀው ገናን ነበር።

ገናን ለማያውቅ የከተማ ልጅ እናስረዳ። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩር ትለጋለች፤ ሁለቱም ወገን ወደ ተቃራኒው ጎል ሊያደርሳት ይሯሯጣል። ሜዳው እንደ ስታዲየም መስመር የለውም። አንዳንዴ ጎሎቹ በኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ። ረጅም ርቀት መሮጥ የማይችል ሰው ገና ሊጫወት አይችልም። አበበ በልጅነቱ ይጫወተው የነበረው ይህንን ነው።

ጨዋታው የጌታ ልደት ነው። በአባቶቻችን ትውፊት የልደቱን ብሥራት የሰሙት እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ፤ ገናም ከዚያ ቀረ ይባላል። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” የሚለውም ተረት የመጣው ከዚሁ ነው። በዚያን ዕለት ሎሌው ጌታውን ቢገፋ፣ ድሀው ባላባቱን ቢጥል ቂም የለም። እንግዲህ በእኛ ሀገር ስፖርትና ክርስትና የተዋወቁት ዛሬ አትሌት ሲያማትብ በቴሌቪዥን ስላየን አይደለም። ድሮም በአንድ ሜዳ ነበሩ፤ ያ ሜዳ ደግሞ የእኩልነት ሜዳ ነበር።

ከጳጉሜን 5 እስከ መጋቢት 13

የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን እየተመራ ሮም የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ከጎኑ ነበር። ፋሺስቶች ከአክሱም ወስደው ሮም ካቆሙት ሐውልት አጠገብ ሲደርስ አበበ ተለይቶ ወጣ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። የንግሥት ዕሌኒ ልጅ ቆስጠንጢኖስ! ሀገር ቤት አበባዮሽ በሚባልበት ሰሞን ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ሮም ሌላ ውድድር ተከፈተ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ስፖርተኞች ውድድር ነበር፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይቆጠራል። ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ይሁዲ ሐኪም ሲሆኑ፣ ስቶክ ማንደቪል በሚባል ሆስፒታል አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክሙ ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. አሥራ ስድስት ታካሚዎችን ቀስት አስይዘው አወዳደሩ። አበበ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ እሱን የሚመለከት ነገር ነው ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። እንመለስበታለን።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደገመው። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆነውት ነበር፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን የእግሩ ሕመም አሸነፈው፤ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወጣ። ማሞ ወልዴ ሩጫውን ለብቻው ይዞ ቀጠለና ወርቁን አመጣ።

በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 13 ቀን ማታ፣ አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን በሸኖ አቅራቢያ ተገለበጠች። ሌሊቱን ውስጧ ተይዞ አደረ፤ በማግስቱ ጠዋት ነው ያወጡት።

ባሕረ ሐሳቡን ቆጥረን ስናየው ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 5 ዋለ። ወደ ኋላ ብንቆጥር መጻጉዕ የተባለው እሑድ የካቲት 30 ነበር፤ አበበ የወጣበት ጠዋት መጋቢት 14 ደግሞ ገብር ኄር ነው። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ሁለቱን ያውቃቸዋል። መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረው፣ ጌታ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ ያለው በሽተኛ ነው። ገብር ኄር ደግሞ በተሰጠው መክሊት ነግዶ ያተረፈ ታማኝ አገልጋይ ነው።

ለአበበ እንደ መጻጉዕ የሚሆንለት መስሎት ሀገር ሁሉ ጸለየ። ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ ልከው አሳከሙት። የተላከበት ሆስፒታል የት ይመስላችኋል? ስቶክ ማንደቪል፤ የዶክተር ጉትማን ሆስፒታል። ስምንት ወር ያህል ተኛ። እጆቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። መጻጉዕ ተነሥቶ ሄደ፣ አበበ አልተነሣም።

የቀረችው መክሊት

ብዙዎቻችን የአበበን ታሪክ የምናቆመው እዚህ ነው። “አሳዛኝ አደጋ ደረሰበት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዐረፈ” ብለን እንዘጋዋለን። ነገር ግን በመካከል ያለችው ዘመን ናት የምታስፈልገን።

በ1970 እ.ኤ.አ. አበበ በስቶክ ማንደቪል ውድድር ላይ ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1971 ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደ። በረዶ ላይ በተደረገ የ25 ኪሎ ሜትር የሸርተቴ ውድድር ገብቶ ሁሉንም ቀድሞ አሸነፈ። እስቲ አስቡት፤ የጃቶ ልጅ፣ በበረዶ፣ ያለ እግር! በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ሲገኝ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። የዚያን ዓመት የማራቶን አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ እሱ ወዳለበት ሄዶ እጁን ጨበጠ።

ድሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደነበረ ሁሉ አደጋውም ፈቃዱ ነው፣ ያንን እንደተቀበልኩ ይህንንም እቀበላለሁ ማለቱ ይጠቀሳል። ይህ አነጋገር በእኛ ሀገር አንዳንዴ እጅ የማጠፊያ ምክንያት ይሆናል። አበበ ግን እጁን አላጠፈም። እግሬን ካልመለስክልኝ ብሎ ከአምላኩ ጋር አልተኳረፈም፤ የቀረችውን መክሊትም አልቀበረም። ሁለት እጅ ቀርቶት ነበር፤ በእጁ ነገደ። ገብር ኄር ማለት ይኸው ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ ዐረፈ፤ ቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ። ወሎ በረሃብ የሚያልቅበት፣ ዓለምም ጉዱን በቴሌቪዥን ያየበት ወር ነበር። ጀግናውን የቀበረችው ሀገር ሕዝቧንም እየቀበረች ነበር።

ገድል

የግእዝ ቋንቋችን አንድ ምሥጢር ይዟል። የቅዱሳንን የሕይወት ታሪክ ገድል እንላለን። ገድል መታገል፣ መፎካከር ነው፤ ሥሩ የተጋድሎ ሜዳ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም የእምነትን ኑሮ ከሩጫ ጋር ያመሳሰለው በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ውድድር ይደረግ ከነበረበት ስፍራ አጠገብ ለሚኖሩት ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ነው። አክሊል የሚለውም ቃል መጀመሪያ በአሸናፊ ራስ ላይ የሚደፋ የቅጠል ጉንጉን ነበር። አባቶቻችን የጻድቁን ኑሮ በአትሌት ቃል መጥራታቸው ስፖርት ስለሚወዱ ብቻ አይመስለንም። እምነት እስከ መጨረሻው መሮጥን ስለሚጠይቅ ነው።

ታዲያ “የጸለየ ያሸንፋል” ማለታችን አይደለም። ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. መሠረት ደፋር ለንደን ላይ የ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከማሊያዋ ሥር የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ፊቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ሁላችንም አይተናል። የፍልሰታ ጾም ነበር። ያቺን ዕንባ ግን ለማወቅ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በአቴንስ ወርቅ አገኘች፣ በቤጂንግ ነሐስ፤ ለንደን ከመድረሷ አንድ ዓመት በፊት ዴጉ ላይ የ10 ሺሁን አቋርጣ ወጥታ በ5 ሺሁ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። እምነቷ ለንደን ላይ የተጀመረ አይመስለንም። ባልቀናት ቀንም አብሯት የነበረ ነው።

ወደ ቆላው ስንመለስ

ይህን ሁሉ ይዘን ጣርማ በርን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ምን እንላለን?

መጀመሪያ፣ የማንለውን እንናገር። የአጣዬ ቤቶች የተቃጠሉት በመኪና መገልበጥ አይደለም። የሰው እጅ ያደረገውን “የእግዜር ፈቃድ ነው” ብሎ መሸፈን የአበበን ቃል ያለ ቦታው ማዋል ነው። ተጠያቂነት ይጠየቃል፤ ፍትሕም ይጠበቃል። ተስፋ ፍትሕን አይተካም።

ደግሞም ይፋት የክርስቲያን ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት መናገሻ የነበረ ምድር ነው፤ የድሮ የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ በዙሪያው ተራሮች ላይ ዛሬም አለ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ በአንድ ሐዘን ይቀመጣሉ። ሮም ላይ አበበና ራዲ፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ በዚያ ምሽት ጎን ለጎን ሲሮጡ ዓለም ያየው ሁለት አፍሪካውያንን ነው። “አይቆጡም ጌታ” የሚባልበት ሜዳ ለሁሉም ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የምንለው ይኼ ነው። በኅዳር 2014 ከቤታቸው ወጥተው የነበሩ ሰዎች ሲመለሱ ሁሉም ነገር እንደነበረ አልጠበቃቸውም። እንደ መጻጉዕ በአንዲት ቃል ተነሥተው የሄዱ ጥቂቶች ናቸው። የብዙዎቹ ዕጣ እንደ አበበ ነው፤ የጠፋው ጠፍቷል፣ የቀረ አለ። አንዲት ጥማድ መሬት፣ ጆንያ ሙሉ ማሾ፣ ሁለት እጅ። በቀረው የሚነግድ ሰው ተስፋ አለኝ ማለት ሳያስፈልገው ተስፈኛ ነው።

ሮቢ ወንዝ በበጋ ሲጎድል አሸዋው ሜዳ ይሆናል። ልጆች ድንጋይ አቁመው ጎል ይሠራሉ፣ ጨርቅ ጠቅልለው ኳስ ያደርጋሉ። አምስት ለዜሮ የተመራ ቡድን ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ከሜዳ አይወጣም። “በቃ ተሸንፋችኋል፣ ግቡ” ብትሏቸው ይስቁባችኋል፤ ገና አልመሸም ነው መልሳቸው።

እኛም ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።